መልስ፦ የሃይሉክስ ብረት ፓራውልት (የፊት መከላከያ) ቀዳዳው አልገጥም ሲል ሻንሲው (መኪናውን የተሸከመው ዋና ብረት) ላይ ይበየድ ወይ?

በፍጹም እንዳታስበይደው! የድሮውን ከነውስጥ ብረቱ አውጣና አዲሱን በክሪክ ደግፈህ ሁሉንም ብሎን በእጅህ ብቻ ላላ አድርገህ አስገባ፣ ከዛ ከፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ) ግራና ቀኝ የአንድ ጣት ክፍተት እስኪኖረው ገፋ ገፋ አድርገህ ካስተካከልክ በኋላ ነው የሚጠበቀው። አንዱን ጎን ቀድመህ ካጠበቅከው የሌላው ቀዳዳ እንቢ ይልሃል፣ ያንተም ችግር ይሄ ይመስለኛል።

ብሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይ 10.9 የተጻፈበት ይሁን (የጥንካሬው ደረጃ ነው)፣ ሰፊ ሮንዴላም ጨምርበት።

ክብደቱን ግን በደንብ አስብበት። እኔ እዚሁ አዳማ በወፍራም ላሜራ አሰርቼ መኪናው ፊቱ ቁጭ አለብኝ፣ አሰላ መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ ወደፊት ድፍት ይል ነበር፣ መጨረሻ ላይ የፊት ሞላ ቀየርኩ። ኤርባግ ካለው ደግሞ ለኤርባግ መኪና የተሰራ ፓራውልት ፈልግ፣ የነፍስ ጉዳይ ነው። ሳምንት ከነዳህ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቃቸው።