ዙሙ 35 ላይ ደርሶ እምቢ ሲል

አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል።

«ጋሼ፣ በጥምቀት ጃንሜዳ ፎቶ ሳነሳ ሰው ገፋኝና ካሜራዬ ከአጥሩ ብረት ጋር ተጋጨ። አቧራውን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ የካነን 18-55 ሌንሴን ዙም ሳደርግ ቅጭጭ ይላል። ቀለበቱ ላይ 35 የሚለው ቁጥር አካባቢ ሲደርስ ጭራሽ ይይዛል፤ ጠንከር አድርጌ ሳዞረው ግን ያልፋል። ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ። ቤት ውስጥ ልሠራው እችላለሁ? ትንሽ ዘይት ጠብ ባደርግበትስ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ዘይት የሚባል ነገር አታስጠጋው። የስፌት ማሽን ዘይትም ሆነ ቫዝሊን፣ የተጣበቀ ብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይም ቢሆን። ይህን የምልህ ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። ፒያሳ የካሜራ ጥገና ሥራ ስጀምር የአንድ ደንበኛ ሌንስ ላይ የስፌት ማሽን ዘይት አንዲት ጠብታ ጣል አደረግሁ። የዙሙ ቀለበት እንደ ቅቤ ዞረ። ደንበኛው መርቆኝ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን እንኳን አልመረቀኝም። ዘይቱ ፀሐይ ሲነካው ቀጥኖ፣ ብርሃን የሚመጥኑት ስስ ምላጮች ላይ ደርሶ አጣብቋቸዋል። ዙሙ ሠራ፣ ፎቶው ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል። የሌንሱን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ።

«ጠንከር አድርጌ ሳዞረው ያልፋል» ያልከውንም ከዛሬ ጀምሮ ተው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሌንሱ ውስጥ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሄዱ ቱቦዎች አሉ። አንደኛው ላይ አግድም ጠመም ያለ ቦይ ተቆርጦበታል። ቦዩ ውስጥ ትንንሽ የፕላስቲክ ሮለሮች ይሄዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ቀለበቱን ስታዞር እነሱ በቦዩ እየተንሸራተቱ መስታወቱን ወደፊትና ወደኋላ ይወስዱታል። ከሦስቱ አንዱ ከላላ ወይም ከተበላ ቱቦው ያጋድላል። የድሮ ቁም ሳጥን መሳቢያ በአንድ ጥጉ ብቻ ስትጎትተው ነክሶ እንደሚቀረው ማለት ነው። መሳቢያውን በጉልበት ብትስበው እጀታው እጅህ ላይ ይቀራል። ሌንስ ላይ ደግሞ የሚሰበረው ሮለሩ ነው።

35 ላይ መያዙ አይገርመኝም። 18 ላይ የፊተኛው ቱቦ ወጣ ብሏል፣ መሐል ሲደርስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወደ 55 ሲሄድ እንደገና ይወጣል። አዙረህ እየው። መሐል ላይ ሲገባ ዙሪያው ላይ የተቀመጠውን አቧራ ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው።

አሁን ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት በጆሮህ ሥራ። ካሜራውን አጥፋ፣ ሌንሱን ፍታው፣ የፊትና የኋላ ክዳኑን ግጠም። ቀለበቱን በሁለት ጣት ብቻ ቀስ ብለህ አዙር። አሸዋ ያለበት እንጀራ ጥርስ ላይ እንደሚለው ከዳር እስከ ዳር ቅጭጭ ካለ፣ ችግሩ አሸዋ ነው። ድምፅ ሳይኖር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀጥ ካለ ግጭቱ ነው። እንደ ሙጫ የሚጎትት ከሆነ ለስላሳ ፈሶበታል፤ ሰርግ ቤት ያየሁት ብዙ ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ አዙረው፣ ቀጥሎ ወደ ታች። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ ውስጥ የላላ ነገር አለ። የአንተ እንደገለጽከው ከሆነ አሸዋውም ግጭቱም አለበት ብዬ እገምታለሁ። አሸዋውን ቤትህ ታወጣዋለህ።

ሌንሱን 18 ላይ አድርገህ ፊቱን ወደ መሬት ድፋው። ለስላሳ ብሩሽ ይዘህ ቱቦው የሚወጣበትን ክፍተት ዙሪያውን ጥረግ። የጎማ አየር መንፊያ ካለህ ንፋ። በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ ይገባበታል። ጎሚስታ ጋ ወስደህ በኮምፕሬሰር ማስነፋትማ አይታሰብም! አንድ ልጅ አስነፍቶት መጥቶ መስታወቱ መሐል የውሃና የዘይት ነጠብጣብ አግኝቼበታለሁ።

ከዚያ የደብተር ወረቀት በጣት ስፋት ቁረጥ። ጫፉን በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ባለው ክፍተት ቀስ ብለህ አስገባውና ዙሪያውን አዙረው። ስታወጣው ጫፉ ላይ ግራጫ መስመር ታያለህ፤ ጠጋ ብለህ ካየኸው ጨው የመሰለ የሚያብረቀርቅ ፍሬ አለበት። የጃንሜዳ አሸዋህ እሱ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግመው። እኔ አንዴ አሥራ አንድ ወረቀት ጨርሻለሁ።

ቀጥሎ የዙሙን ቀለበት የሸፈነው ጎማ ነው። ስቴኪኒ ከሥሩ አስገብተህ ዙሪያውን አላቀው፣ ከዚያ በጣትህ ወደ ፊት ግፈፈው። ብረት አትጠቀም፤ ጎማውን ይቀደዋል። ሥሩ ላይ የሚሰበሰበው ቆሻሻ ያስደነግጥሃል፤ ላብ፣ አቧራ፣ የሰርግ ዳቦ ፍርፋሪ ሳይቀር። ጥጥ በአልኮል ነክረህ፣ ጨመቅ አድርገህ ጥረገው። አታፍስስበት። ጎማው ሰፍቶ እየተንሸራተተ ካስቸገረህ በሳሙና እጠበውና አድርቀው። ብዙ ሌንሶች ላይ ከጎማው ሥር ስስ ቴፕ አለ፤ በወረንጦ ቀስ ብለህ አንሳው፣ መልሰህ ትለጥፈዋለህና እንዳይጨማደድ።

ከቴፑ ሥር በቀዳዳው በኩል የብሎን ራስ ልታይ ትችላለህ። ቀለበቱን ይዞ የሚያዞረው ብሎን ከሆነና ከላላ፣ ችግርህ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ለራሱ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ተጠቀም። የጃፓን ብሎን ጥርሱ ትንሽ ለየት ስለሚል ልክ ያልሆነ ካቻቢቴ ራሱን ይበላዋል፤ ከተበላ በኋላ እኔም አልወደውም። አጥብቅ፣ ግን አትፍታ። አንዳንዱ ሮለር ቀዳዳው ሆን ተብሎ ከመሐል ያፈነገጠ ነው፤ ፋብሪካ ላይ መስታወቱ የተስተካከለው በእሱ ነው። አንዴ ካዞርከው ያለ መሣሪያ ወደ ቦታው አትመልሰውም።

ቤት ውስጥ የሚሠራው እዚህ ላይ ያበቃል። የኋላውን ብሎኖች ፈትተህ ሌንሱን መክፈት ያምርሃል፣ አውቃለሁ፤ ቪዲዮው ላይ ቀላል ይመስላል። የኋላው ክፍል ሲነሳ ግን ካሜራውን ከሚነኩት ወርቃማ ኮንታክቶች ጋር የተያያዘ ፍላት ኬብል፣ ማለትም እንደ ሪባን ጠፍጣፋና ስስ የሆነ ሽቦ፣ ይከተላል። በድንገት ከሳብከው ይቀደዳል፤ ካሜራውም ኢረር 01 እያለ ከሌንሱ ጋር አልግባባም ይልሃል። ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሱ ቀለበቶች ያሉበትም አለ፤ አንዷ ከጠፋች ሩቅ ያለው ነገር ፎከስ አይገባልህም። ሌንሱ የማይፈታ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ያላችሁ ደግሞ፣ እናንተ ጭራሽ አትክፈቱ። ለፍላሹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኮንደንሰር ባትሪው ወጥቶም 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኔን ሁለቴ መትቶኛል።

ለቅዳሜው ሰርግ ሌንስ ተዋስ ወይም ተከራይ። ቀለበቱ በሁለት ጣት ቢዞር እንኳ ሳትፈትነው ሙሽራ ፊት አትቁም። ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገህ ለጥፍ፣ ካሜራውን ፊት ለፊቱ ትሪፖድ ላይ አቁም፣ በ18፣ በ35 እና በ55 አንሳው። ኮምፒዩተር ላይ አጉልተህ አራቱን ጥግ አንብብ። አራቱም እኩል ከተነበቡ ሌንስህ ድኗል። ሦስቱ ተነበው አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ግን ቱቦው በግጭቱ አጋድሏል፤ ያኔ ጎማውን መልሰህ አልብሰውና ይዘኸው ና። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ግን ያገለገለ 18-55 በስንት እንደሚሸጥ ጠይቀህ ና፤ ጥገናው ከዚያ ከበለጠ እኔው ራሴ ሌላ ግዛ እልሃለሁ።