አደይ አበባዬ ለምን ደረቀ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ዳር ነው። ውሃ የማይፈጅ የአገር አበባ ግቢዬ ውስጥ ይኑረኝ ብዬ ባለፈው መስከረም አደይ አበባ ከነሥሩ ነቅዬ ተከልኩ። በየቀኑ ባጠጣውም በሁለት ሳምንት ደረቀ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሃው ምንም አላጎደለበትም። አደይ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በዝናብ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። እርስዎ ያመጡት ዕድሜው ያለቀበትን ነው። ሲነቀል ደግሞ ሥሩ ተበጥሷል።

ድርቅ ይችላል ሲባል ብዙ ሰው በጋውን ሙሉ ለምልሞ የሚቆም ይመስለዋል። አደይ ድርቁን የሚያልፈው አፈር ውስጥ ዘር ሆኖ ተኝቶ ነው። ስለዚህ ዘሩን ይዝሩ።

ዘንድሮ አበባው ሳይረግፍ ጥቂቶቹ ላይ ክር አስረው ምልክት ያድርጉባቸው። ከደረቀ በኋላ ልብስ ላይ ከሚጣበቀው ዘመዱ፣ ከሰይጣን መርፌ ጋር ይምታታል፤ እሱን ግቢ አስገብቶ መገላገል ደግሞ ጣጣ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ተመልሰው ይሂዱ። የአበባው ራስ ጠቁሮ፣ በጣት ሲያሹት የሚበተን ከሆነ ደርሷል። ሁሉንም አይልቀሙ፤ ሜዳውም ለከርሞ ዘር ያስፈልገዋል። ጥላ ላይ አድርቀው በወረቀት ወይም በጨርቅ ያኑሩት። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

የሰኔ ዝናብ ሲይዝ ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ቆፈር ቆፈር አድርገው ይበትኑት፣ አፈር በስሱ ያልብሱት። መሬትዎ ውሃ የሚያቁር ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ ያድርጉ። ፍግ አይጨምሩ። ከጠገበ ግንድና ቅጠል ብቻ ይሆንና ነፋስ ያጋድመዋል። ሲበቅል በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል እየተዉ ያሳሱት። ዝናቡ መሃል ላይ ካልተቋረጠ ማጠጣት አያስፈልግም።

ሐምሌ ላይ አረም የሚነቅልልዎትን ሰው አደራ ይበሉ። ሳያብብ አረም ነው የሚመስለው፤ እኔ ቤት አንድ ዓመት ሙሉ መደቡ ተጠርጎልኝ ያውቃል! ካበበ በኋላም ቶሎ አይጨዱት። ንቦች በጣም ይወዱታል፣ ዘሩም እዚያው ረግፎ በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ይበቅላል።

በጋውን ሙሉ የሚቆም ነገር ካማረዎት ከጎኑ እሬት ይትከሉ። አበባው ያምራል፣ ዓመት ከዓመትም አለ። ውሃ ብቻ አያብዙበት፤ ሥሩን ያበሰብሰዋል።