ስለ «አንብሬከብል» የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ፊልም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለወጣው የኤም ናይት ሺያማላን «አንብሬከብል»። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊላደልፊያ አቅራቢያ ባቡር ተገልብጦ 131 ሰው ይሞታል። ዴቪድ የሚባል አንድ የስታዲየም ጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ጭረት እንኳን ሳይነካው ይተርፋል። ከዚያ ኤላይጃ የሚባል፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር የኮሚክስ (በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮች) ሥዕል ሰብሳቢ ይመጣና በሕይወትህ ስንት ቀን ታመሃል ብሎ ይጠይቀዋል። የሱፐርሂሮ፣ ማለትም ልዩ ኃይል ያለው ጀግና፣ ፊልም ቢሆንም የሚበር የለም፣ የሚፈርስ ከተማም የለም። መጨረሻውን አልናገርም፣ አትፍሩ።

ሱፐርሂሮ ፊልም የሚያመልጠኝ አይመስለኝም ነበር። ይሄን ግን ገና አሁን አየሁት። ከስሮ ነው እንዴ ማንም የማያወራለት?

ኧረ አልከሰረም። 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ወደ 248 ሚሊዮን አስገብቷል። ችግሩ ታላቅ ወንድሙ ነው። ዳይሬክተሩ ከአንድ ዓመት በፊት መናፍስት በሚታዩበት «ሲክስዝ ሴንስ» ከ670 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍሶ ነበር፤ ዋናው ተዋናይም ያው ብሩስ ዊሊስ። ስቱዲዮው ያንኑ ገንዘብ ፈልጎ አዲሱን ፊልም እንደ ሥነ ልቦናዊ ትሪለር ሸጠው። ሺያማላን በኋላ እንደተናገረው፣ በማስታወቂያው ላይ ኮሚክስ የሚባል ነገር እንዲነሳ አልተፈለገም። የዛን ጊዜ ኮሚክስ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነበር። ከኮሚክስ የተሠራው «ኤክስ-ሜን» የወጣው ከጥቂት ወራት በፊት ነው፤ «ስፓይደርማን» ደግሞ ገና አንድ ዓመት ተኩል ይቀረዋል። እናም ተመልካቹ ሌላ መንፈስ ሊያይ ገብቶ ትዳሩ የቀዘቀዘ፣ ጠዋት ሲነሳ ሐዘን የሚጫነው አባወራ አገኘ። ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ሌላው ዳይሬክተር ኩዌንቲን ታራንቲኖ ግን በ2009 ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከወጡት የወደዳቸውን 20 ፊልሞች ሲዘረዝር አስገብቶታል።

ባለቤቴ ገና ከመጀመሩ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም ብወደውም ይንቀራፈፍብኛል። ሆን ተብሎ ነው?

አዎ፣ ሆን ተብሎ ነው። የባቡሩን ትዕይንት እንደገና እየው። ካሜራው ከፊት ወንበሮች ኋላ ተደብቆ፣ በመሀላቸው ባለው ክፍተት አንዴ ወደ ዴቪድ፣ አንዴ ወደ አንዲት ሴት ይዞራል። አጠገቡ ልትቀመጥ ስትል የጋብቻ ቀለበቱን ቀስ አድርጎ ያወልቃል። ስለ ትዳሩ አንድ ቃል አልተነገረንም፣ ግን ሁሉንም አወቅን። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን እዚህ ጋ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ያስገባ ነበር።

እኔ ከሁሉም የምወደው ምድር ቤት ውስጥ ክብደት የሚያነሳበትን ነው። ልጁ ጆሴፍ ቀንስ ሲባል ጨምሮበታል። አባትየው ሳያውቅ ያነሳዋል። ከዚያ ይጨምራሉ፣ አሁንም ይጨምራሉ፤ ብረቱ ሲያልቅ የቀለም ጣሳ ያንጠለጥላሉ። ፍንዳታ የለ፣ ጠላት የለ። አንድ አባት ራሱን ሲፈራ፣ ልጁ ደግሞ በደስታ ሲርበተበት ነው የምናየው። ልዩ ኃይል ያለው ሰው ኃይሉን ሲያገኝ ስንት ጊዜ አይተናል፤ እንደዚህ ያለ ፍርሃት ግን እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም። ይህ ሁሉ ቢፈጥን ኖሮ አይሠራም። ባለቤትህን ግን አታስገድዳት። ድካም ባለበት ምሽት የሚታይ ፊልም አይደለም።

ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን የሚጫወተው ኤላይጃ ያለበት የአጥንት በሽታ እውነት አለ ወይስ ፈጠራ ነው?

እውነት አለ። ኦስቲዮጀነሲስ ኢምፐርፌክታ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አጥንትን የሚያጠነክረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ሲያንስ ወይም በትክክል ሳይሠራ ሲቀር ነው፤ መነሻው የዘር ለውጥ ነው። ፈውስ ባይኖረውም አጥንትን የሚደግፉ መድኃኒቶች፣ ቀዶ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ ይረዳሉ።

ፊልሙ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ተሳስቷል። ኤላይጃ ዓይነት አንድ ነው ያለብኝ፣ ዓይነት አራት ያለባቸው ብዙ አይቆዩም ይላል። ዓይነት አንድ ከሁሉም ቀላሉ መሆኑ ልክ ነው፤ በሕክምናው ግን ብዙ ጊዜ ሕፃኑን ገና በልደቱ አካባቢ የሚገድለው ዓይነት ሁለት ነው። እንደ ኤላይጃ እጅና እግሩ ተሰብሮ የሚወለድ ልጅም በአብዛኛው ከባዱ ዓይነት ነው የሚኖርበት። ትወናውን ግን አልነካም። ጃክሰን ሳይጮህ የሚያስፈራበት ፊልም ነው።

አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም በየቦታው ይታየኛል። አብዝቼ እያየሁ ይሆን?

አላበዛሽም። አረንጓዴው የዴቪድ ነው፣ ወይን ጠጁ የኤላይጃ። መስታወትም ቁጠሪ። ኤላይጃ ባለበት ሁሉ መስታወት ወይም የሚያንጸባርቅ ነገር አይጠፋም።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሱፐርሂሮ ይወዳል። አብረን እንየው?

ይቆይ። ደም ብዙም የለበትም፣ ግን ልጁ ወጥ ቤት ውስጥ በገዛ አባቱ ላይ ሽጉጥ የሚያነጣጥርበት ትዕይንት አለ። የአባቱን ኃይል ሊያረጋግጥ ብሎ ነው! ሰው ቤት ገብቶ ቤተሰብ የሚያግት ወንጀለኛም አለ። ደግሞም ልጅሽ በመሀሉ መሰላቸቱ አይቀርም።

ተከታይ ክፍሎች እንዳሉት ሰማሁ። በምን ቅደም ተከተል ልያቸው?

በወጡበት ቅደም ተከተል። ከዚህኛው ቀጥሎ «ስፕሊት»፣ በመጨረሻ የ2019ኙ «ግላስ»። «ስፕሊት» ስለታገቱ ልጃገረዶች የሚያወራ አስፈሪ ፊልም ነው፤ ግንኙነቱ የሚገባህ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ጄምስ ማካቮይ አንድ ሰውነት ውስጥ ብዙ ሰው ሆኖ ሲጫወት ለማየት ብቻ እንኳን ይበቃል። «ግላስ» ላይ ግን ብዙ አትጠብቅ። የመጀመሪያው ዝም ብሎ ያሳየንን ነገር ሁሉ እሱ ቁጭ ብሎ ያስረዳል። ጊዜ ከሌለህ እሱን ዝለለውና የመጀመሪያውን ድገም።