ጥያቄና መልስ፦ ራፕ ስለ ኑሮ መናገር የጀመረው መቼ ነው?

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ወንድሜ «ሂፕ ሆፕ ከመነሻው የተቃውሞ ሙዚቃ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ በጭፈራ ጀምሮ ፖለቲካው በኋላ የገባበት ይመስለኛል። ማናችን ልክ ነን? (ከአዳማ)

መልስ፦ በሸክላዎቹ ከሄድን እርስዎ ልክ ነዎት። ኦገስት 11 ቀን 1973፣ በእኛ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ዲጄ ኩል ሄርክ በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ አቬኑ ቁጥር 1520 ሕንፃ ውስጥ ሸክላ ሲያጫውት መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ድግሱን ያዘጋጀችው እህቱ ስትሆን፣ ገንዘቡ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ነበር። ማይኩም የሚያገለግለው የወዳጅ ስም እየጠሩ ጨፋሪውን ለማሞቅ ነው። በ1979 ራፕን ሬዲዮ ላይ ያወጣው የሹገርሂል ጋንግ ሸክላም ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ መኪና ያወራል።

ወንድምዎም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ብሮንክስን ለሁለት የሰነጠቀው አውራ ጎዳና በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል። ከአከራዮቹ አንዳንዶቹ የመድን ገንዘብ ለማግኘት ሕንፃቸውን ያቃጥሉ ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ተዘጉ። ከወንዙ ማዶ በሃርለም፣ «ዘ ላስት ፖይትስ» የተባሉት ገጣሚዎች ገና ሜይ 19 ቀን 1968፣ በማልኮም ኤክስ የልደት ቀን፣ ግጥማቸውን ከከበሮ ጋር ማሰማት ጀምረዋል። ገጣሚው ጊል ስኮት ሄሮንም በ1970 በዚሁ መንገድ ቀርጿል። ቃሉ ነበር ማለት ነው፤ ከዲጄው ምት ጋር ለመገናኘት ግን ዓመታት ፈጀበት። በ1980 ራፐሩ ብራዘር ዲ ሁለቱን ለማገናኘት ሞክሮ ነበር፣ ብዙ ሰው ግን አልሰማውም።

በሩን የከፈተው በ1982 የወጣው «ዘ ሜሴጅ» የተባለው ዘፈን ነው። ሸክላው ላይ የተጻፈው የዲጄው የግራንድማስተር ፍላሽና የራፐሮቹ የፊዩሪየስ ፋይቭ ስም ይሁን እንጂ ቡድኑ ዘፈኑን አልፈለገውም ነበር፤ ችግሩን ለመርሳት የመጣ ጨፋሪ እንዴት ችግሩን ይጨፍርበታል ብለው ፈሩ። የሸክላ አሳታሚው ኩባንያ ባለቤት ሲልቪያ ሮቢንሰን ግን አጥብቃ ያዘች። ከቡድኑ ራፑን ያለው ሜሊ ሜል ብቻ ነው፤ አብሮት የሚሰማው የኩባንያው ሙዚቀኛ ዱክ ቡቲ ነው። ክርክራችሁን የሚዳኘው ደግሞ ይህ ይመስለናል፦ ተወልዶ እስር ቤት ስለሚሞተው ልጅ የሚናገረውን የመጨረሻ ክፍል ሜሊ ሜል በ1979 በአንድ የጭፈራ ሸክላ ላይ ብሎታል። ያኔ በሞቅታው መሀል ማንም ልብ አላለውም።

ጥያቄ፦ ዲጄዎቹ አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት የሚይዙት ለምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዲጄው ለጨፋሪው ሊያራዝመው የሚፈልገው፣ ከበሮው ብቻውን የሚመታበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። አንዱ ሸክላ ላይ ሲያልቅ ሁለተኛው ከመነሻው ይቀጥላል፤ እስከዚያ የመጀመሪያው ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍላሽ ሸክላው ላይ በከለር ምልክት አድርጎ ዙሩን ይቆጥር ነበር። በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.8 ሰከንድ ስለሚጨርስ፣ አምስት ዙር መመለስ ዘጠኝ ሰከንድ ማለት ነው። ከሸክላው ሥር ለስላሳ ጨርቅ ካልተነጠፈ ሳህኑ አብሮ ይቆማል። በቀበቶ የሚዞር ማጫወቻም ሲለቁት ፍጥነቱን ለመያዝ ይዘገያል፤ ምቱ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ኑሮ ውድነት ራፕ ስጽፍ ስብከት ይሆንብኛል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ «ዘ ሜሴጅ»ን ደግመው ይስሙ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ አይጥ፣ በረሮ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ይቆጥራል እንጂ ሥርዓቱ መጥፎ ነው ብሎ አያስተምርም። እርስዎም «ኑሮ ከበደ» የሚለውን ይሰርዙና የዘይቱን ዋጋ፣ የታክሲውን ሰልፍ ያስገቡ።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ያብርዱ። «ዘ ሜሴጅ» በደቂቃ ወደ 100 ምት ነው፤ አራት ምት 2.4 ሰከንድ ይሰጥዎታል። በ127 ምት ግን ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ረጃጅሞቹ የአማርኛ ግሦችም ይታፈናሉ።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ስንኙ ሁሉ በ«ናል» እና በ«ኣለሁ» ያልቃል፤ ቤት የመታ ይመስላል፣ ጆሮ ግን ቶሎ ይሰለቻል። ገጣሚዎቻችን እንደሚያደርጉት ግሡን ወደ ፊት አምጥተው በስም ይዝጉት። ማጥበቅና ማላላትንም ይጠንቀቁ፦ ምቱ አስገድዶዎት «አለ»ን ቢያላሉት ያለው ነገር የተባለ ይሆናል፤ «ገና»ን ቢያጠብቁት ደግሞ በዓል ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በውጭ ራፕ ውስጥ አለ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ አለ። ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በ2010 አብረው ያወጡት አልበም የሚከፈተው ከሙላቱ «የግሌ ትዝታ» በተቆረጠ ድምፅ ነው። እንዲህ ለመሥራት ካሰቡ ፈቃዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከዜማው ባለቤት፣ ሌላው ከቅጂው ባለቤት። በ1991 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ በተቆረጠ ድምፅ ምክንያት በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ላይ ከፈረደ ወዲህ በአንድ ዘፈን ውስጥ ደርዘን ሸክላ መደራረብ ውድ ሆኗል፤ አንዱን ብቻ መርጦ ማስፈቀዱ ይቀላል።