ልጆችና ቆሻሻን በጨዋታ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው የቤት ቆሻሻ መለየትን በጨዋታ ስለሚለምዱበት መንገድ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሚከተለውን መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ስንት ማጠራቀሚያ ያስፈልገናል?

መልስ፦ ሦስት ይበቃል፤ አንዱ ለልጣጭና ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለሃይላንድና ለሌላው ፕላስቲክ፣ አንዱ ለወረቀትና ለካርቶን። ቆርቆሮ ቶሎ ስለማይጠራቀም በረንዳ ላይ በፌስታል ማንጠልጠል ይቻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና ማንበብ አይችልም።

መልስ፦ በየማጠራቀሚያው ላይ ዕቃውን ራሱን፣ ማለትም ክዳን ወይም የካርቶን ቁራጭ ይለጥፉለት።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ መለየቱን ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ሰለቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መለየቱን ወደ ምርመራ ይለውጡለት። የሃይላንዱን ክዳን አውልቀው፣ ከጠርሙሱም ትንሽ ቁራጭ እርስዎ በመቀስ ቆርጠው ሁለቱን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እንዲጨምር ያድርጉ፤ ከመጨመሩ በፊትም የትኛው እንደሚሰምጥ ይገምት። ክዳኑ ይንሳፈፋል፤ ቁራጩ ግን የተጣበቀበት የአየር አረፋ ሲራገፍለት ይሰምጣል፤ ጠርሙሱ የሚሠራው ፔት ከሚባለውና ከውሃ ከሚከብደው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ክዳኑ የሚሠራው ከውሃ ከሚቀል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነውና። ፕላስቲክን መልሰው የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም የተፈጨውን የሚለዩት በዚሁ ዘዴ መሆኑን ሲሰማ ጨዋታው ክብር ያገኝለታል። በሌላ ቀን ደግሞ በዕቃዎች ሥር ባለው የሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር ይፈልግ፤ 1 ፔት ነው፣ 2 ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጀሪካንና በፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ላይ ነው። ማግኔት ካላችሁም የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሲስበው፣ የአሉሚኒየም ጣሳ ግን እንደማይስበው ያያል።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ሃይላንድ ገንዘብ ብንሰጠውስ?

መልስ፦ አልመክርም፤ ጠርሙስ ለማብዛት ሲል ተጨማሪ ለስላሳ እንዲገዛለት መጠየቁ አይቀርምና። ይልቁንም ቆራሌው ሲመጣ አጠገብዎ ቆሞ ዋጋውን ራሱ ይደራደር።

ጥያቄ፦ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማህበራት ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ የሚከቱት ከሆነ የእኛ መለየት ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው፤ ልጅም የለየው ሁሉ ተመልሶ ሲቀላቀል ካየ ዳግመኛ አይለይም። ስለዚህ የሚሸጠው ነገር ከማህበሩ ቀን በፊት ለቆራሌው መሰጠት አለበት። ቅዳሜ ልጁን ወደ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይዘውት ቢሄዱ አሮጌ ቆርቆሮና በርሜል ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ ሲሆን በዓይኑ ያያል፤ እኔ ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ። ከፍ ላለ ልጅ የቀረው ቆሻሻ ሲከመርበት ስለኖረው ስለ ቆሼ፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ስለ መሞታቸውም መንገር ተገቢ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን በፍርሃት ማስተማር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጆች መንካት የሌለባቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ባትሪ፣ መርፌና መድኃኒት።

ጥያቄ፦ ዘይት የነካው ካርቶንስ?

መልስ፦ ከልጣጩ ጋር ይጣል፤ ከደረቁ ወረቀት ጋር ከገባ ሌላውንም ያበላሻል።