ጥያቄና መልስ፦ ነገር ለምን በክብ ይዞራል?

ቃል በገባሁት መሠረት የዛሬው ርዕስ ክብ እንቅስቃሴ ነው። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል የለም። ይህን ይዛችሁ ጠይቁ።

ከሐርቡ፦ መምህር፣ ማሽላ ስንጠብቅ ማማ ላይ ወንጭፍ እናዞራለን። ድንጋዩ ሲለቀቅ የሚወረወረው ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ስላለ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ልብ ብለህ እየው። የገመዱን ጫፍ ስትለቅ ድንጋዩ የሚነጉደው በዚያች ቅጽበት ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ፣ ክቡን በጎን ታክኮ ነው። የሚገፋው ኃይል ቢኖር ከእጅህ ፊት ለፊት እየራቀ ይወጣ ነበር። ለዚህም ነው ድንጋዩ ወፏ ትይዩ ሳይደርስ፣ ሩብ ዙር ያህል ቀድመህ የምትለቀው። የሚንቀሳቀስ ነገር ኃይል ካላረፈበት በቀጥታ ይሄዳል፤ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው። ድንጋዩን ከቀጥታው የሚያጥፈው ገመዱ ነው፤ ሳያቋርጥ ወደ እጅህ ይስበዋል። ስንት? ፍጥነቱን በራሱ አባዛ፣ ለሬዲየሱ (ለገመዱ ርዝመት፣ በሜትር) አካፍል፣ በመጠነ ቁሱ (በኪሎ) አባዛ። 100 ግራም ድንጋይ በ80 ሴንቲ ሜትር ገመድ፣ በሰከንድ 20 ሜትር ሲዞር 50 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ይመጣል። 5 ኪሎ ከማንጠልጠል እኩል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን 20 ኪሎ።

ከኮምቦልቻ፦ ሴንትሪፉጋል፣ ወደ ውጭ የሚገፋ የሚባለው ኃይል፣ መጽሐፍ ላይ አለ እኮ!

መልስ፦ አለ። ከሚዞረው ነገር ጋር አብረህ እየዞርክ ስታሰላ የምታስገባው ነው። ዳር ቆሞ ለሚያይ የለም። ከየት ሆነህ እንደምታይ ሳትናገር አትጠይቀኝ።

ከደሴ፣ ሹፌር፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጭነት የበዛበት መኪና ኩርባ ላይ ቶሎ ይንሸራተታል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መሪው ጎማውን ያዞራል እንጂ መኪናውን አያዞረውም። መኪናውን ወደ ኩርባው ውስጥ የሚገፋው አስፋልቱ ነው፣ በሰበቃ (በጎማና በአስፋልት ፍትጊያ)። ጭነት ሲጨምር የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፤ ሰበቃውም አብሮ ይጨምራል፤ ስለዚህ ለመንሸራተት ክብደቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የሚያመጣው ፍጥነቱ ነው። ሬዲየሱ 20 ሜትር የሆነ ኩርባ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ብትገባበት የመኪናው ክብደት ግማሽ የሚያህል ኃይል ያስፈልግሃል። ደረቅ አስፋልት የክብደቱን 0.7 ገደማ ይሰጥሃል፤ ታልፋለህ። ዝናብ ካረጠበው ወደ 0.4 ሊወርድ ይችላል፤ ከመንገድ ትወጣለህ። በ54 ከገባህ ከክብደትህ በላይ ስለሚፈልግ ደረቁም አያድንህም። ጭነት ከፍ ብሎ ሲከመር ግን ሳይንሸራተት በፊት ይገለብጣል። ፍሬን ደግሞ ከኩርባው በፊት ያዝ። ጎማው ያለው ሰበቃ አንድ ነው፤ ለፍሬን ከወሰድክበት ለመታጠፊያ ይጎድለዋል።

ከወልዲያ፦ ሐረጎ ላይ ሰው የሚጨርሰው ጉሙ ነው እንጂ ሰበቃ አይደለም።

ከደሴ፣ ሹፌር፦ በጉም የሚሮጠው ማን ሆነና? ጉም መኪና አይነዳ።

ከወልዲያ፦ በሐምሌ ወርደህበት ታውቃለህ?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ወንድሞቼ። ጉሙ ኩርባውን ይሸሽጋል፣ መንገዱንም ያረጥባል፤ ሁለታችሁም ፍጥነት ቀንሱ። በዚህ ይብቃ።

ከመርሳ፦ ፊዚክስ እንዴት ይጠናል?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። የከበደህን ጥያቄ ከነቁጥሩ አምጣ።

ከደሴ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋን ኃይል ስንት ነው?

መልስ፦ የለም። የለም ብያለሁ። ከላይ አንብብ።

ከሐይቅ፦ መምህር፣ ጨረቃን ማን ይዟት ነው? ገመድ የላትም።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። የመሬት ስበት። ርቀቷ 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የመሬትን ሬዲየስ 60 ጊዜ ያህል ነው፤ ስበቱም እዚህ ካለው 3,600 ጊዜ ይደክማል። ቢደክምም ይበቃል። በአንድ ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፊት ስትሄድ፣ ከቀጥታ መንገዷ ወደ እኛ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ትወድቃለች። የምትዞረው እየወደቀች ነው፤ ወደ ጎን ያላት ፍጥነት ስለማይጠፋ መሬት ላይ አትደርስም።