የሁለት ሰው ፎቶ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ መጣ። የጅማ ክረምት እንደምታውቁት ነው፤ ልጁ ረጥቧል፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። «ጋሼ፣ አምና ከእሷ ጋር የተነሳነው እናንተ ኮምፒውተር ላይ አለ አይደል? አጥፉልኝ» አለኝ። ከስልኩ ላይ ሁሉንም አጥፍቷል። የቀረነው እኛ ነን።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «እንደ ፊልሙ» አለች። ጭቅጭቁ ተጀመረ።

ፊልሙ «ኢተርናል ሰንሻይን ኦፍ ዘ ስፖትለስ ማይንድ» ይባላል። በፈረንጆቹ 2004 የወጣ ነው፤ ድርሰቱ ኦስካር ወስዷል። ጆኤልና ክሌመንታይን ይጣላሉ። እሷ አንድ ቢሮ ሄዳ እሱን ከጭንቅላቷ ታስጠፋዋለች። እሱም ይህን ሲያውቅ በእልህ ሊያስጠፋት ይሄዳል። ትዝታው ከመጨረሻው ቀን ተጀምሮ ወደ ኋላ እየተጠረገ ሲሄድ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። ምን ዋጋ አለው፣ ተኝቷል። ተዉት ማለት አይችልም።

ልጁ ፊልሙን አይቶ ጠልቶታል። «ፊትና ኋላው አይታወቅም። ደግሞ ያን ሁሉ ተሰዳድበው መታረቃቸው ጅልነት ነው» አለ። የኔዋ ሠራተኛ «ፀጉሯን ብታይ ፊትና ኋላውን ታውቀው ነበር» አለችው። እውነቷን ነው፤ ሴትዮዋ ፀጉሯን አንዴ ብርቱካናማ፣ አንዴ ሰማያዊ ስታደርግ ነው ጊዜው የሚለየው።

እኔ መጀመሪያ ሳየው እንቅልፍ ወሰደኝ። ሁለተኛ ያየሁት ስለ አነሳሱ ሲወራ ሰምቼ ነው። ዳይሬክተሩ ሚሼል ጎንድሪ ብዙውን ማታለያ እዚያው ካሜራው ፊት ነው የሠራው። ጆኤልን ሆኖ የሚሠራው ጂም ኬሪ ሕፃን ሆኖ ጠረጴዛ ሥር የሚገባበትን ቦታ በቅርበትና በርቀት ብቻ ዓይናችንን ሸውዶ ነው ያነሳው። የሙያ ነገር ሆኖ ደስ አለኝ። ከዚያ ሰዎቹ የፍቅረኛቸውን ዕቃ በከረጢት ይዘው ወደዚያ ቢሮ ሲገቡ አየሁና ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

1986 ዓ.ም. ነው። ፎቶ ቤቴን ከከፈትኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አንድ ጥቁር ኮት ነበረኝ፤ ኮት ለሌለው ደንበኛ የማውሰው። ከሰቃ የመጣ ገበሬም፣ ሊያገባ ያለ ጸሐፊም ያንኑ ኮት ለብሶ ይነሳል። ዛሬ የሰው ቤት ስገባ ግድግዳ ላይ ኮቴን አገኘዋለሁ። ይህን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

አንዲት አስተማሪ ቡናማ ፖስታ ይዛ መጣች። ከእጮኛዋ ጋር ያነሳኋቸው ስድስት ፎቶዎች ናቸው። ልጁ ጥሏት አዲስ አበባ ገብቷል። «ኔጌቲቩም ይጥፋልኝ» አለች። ፎቶው የሚታጠብበት ኔጌቲቭ እያለ ፎቶ እንደማይሞት ታውቃለች።

ከስድስቱ አንዷን እስካሁን አልረሳኋትም። ቦዬ ረግረግ ዳር ነበርን። ወደ ኋላ እያፈገፈግኩ ሳነጣጥር ጭቃው አዳለጠኝና ካሜራዬን ወደ ላይ እንደያዝኩ በቂጤ ቁጭ አልኩ። ልጁ በእኔ ሳቀ። ያው እዚያው ጭቃው ላይ ሆኜ የካሜራውን ቁልፍ ነካሁ። ጥርሱ ሁሉ የሚታይበት ፎቶ ወጣ። እንደዚያ ያለ ፎቶ በሕይወቴ ከአምስት በላይ አላነሳሁም።

አንድ ጊዜ እንኳ «እርግጠኛ ነሽ?» አላልኳትም። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ እሷ ላይ ነበር። ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ከሰሉ ገና ፍም ነው። ኔጌቲቩን በመቀስ ቆራረጥኩና ምድጃው ላይ ጣልኩት። ተጨማደደ። ሽታው ከቡናው ጋር ተደባለቀ። አስተማሪዋ አቦሉን ጠጣች፤ ቶናውን ሳትጠብቅ ሄደች። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። እኔ ደግሞ የውለታዬን ዋጋ እጠብቅ ነበር፣ ሞኝ!

በ1997 አስተማሪዋ አንዲት አሮጊት ደግፋ መጣች። ያ እጮኛዋ የነበረው ልጅ አዲስ አበባ ሞቶ ነበር። አሮጊቷ እናቱ ናቸው፣ ከአጋሮ። ካደገ በኋላ የተነሳው ፎቶ በእጃቸው የለም። የቀረው መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። ግማሽ ጉንጩ ላይ ማኅተም አርፎበታል።

አስተማሪዋ አየችኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉርዷን እንደገና አንስቼ አጎላኋት። ሌሊቱን ሙሉ በቀጭን ብሩሽና በእርሳስ ማኅተሙን ስሸፍን አደርኩ። ጠዋት ለእናትየው ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ረጅም ጊዜ አዩት። በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ጥርሱስ?»

ጥርሱን እኔ ነበርኩ ያቃጠልኩት። አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ምክር ተብዬ የምጽፈው ይህን ነው። ፎቶአችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ ምናምን አልላችሁም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የማይገባኝ ሌላ ነው። ለአንድ ማኪያቶ አሥራ አምስት ፎቶ ታነሳላችሁ። ስትጣሉ ግን የሦስት ዓመት ነገር በአንድ ጣት ይጠፋል። ሁለት ሰው ያለበት ፎቶ የማን ነው? የእናቱስ ድርሻ የለበትም?

ደግሞ ይህን እያልኩ፣ ዘንድሮ አንዲት ልጅ የድሮ ጓደኛዋ በፎቶ እያስፈራራት እያለቀሰች መጥታለች። እኛ ጋ የነበረውን ሁሉ ያለ ምንም ጥያቄ አጠፋሁላት። ልጁን አልጠየቅኩም። አሁንም ብትመጣ አጠፋላታለሁ። ስለዚህ ሕግ አታውጣ በሉኝ፤ አላወጣም።

የፊልሙን መጨረሻ በተመለከተ ከልጁም ከልጅቷም ጋር አልስማማም። እነሱ ስለ መታረቁ ነው የሚከራከሩት። እኔ የማስበው ስለዚያ ትዝታ አጥፊ ቢሮ ጸሐፊ ነው። የራሷም ትዝታ እዚያው ቢሮ እንደተጠረገ ስታውቅ፣ ደንበኞቹ ከመጠረጉ በፊት የተናገሩበትን ካሴት ሁሉ ለየባለቤቱ በፖስታ ትልካለች። ጆኤልና ክሌመንታይን አንዱ ስለ ሌላው የተናገረውን ክፉ ነገር የሚሰሙት በዚያ ነው። ሰምተውም ይሁን ይባባላሉ። ጸሐፊዋ እንደ እኔ ከሰል አጠገብ ብትሆን ኖሮ የሚሰሙት ነገር አይኖርም ነበር።

ልጁን «ግማሹ የእሷ ነው፣ ጠይቃት» አልኩት። «ብሎክ አድርጋኛለች» አለ። የኔዋ ሳቀች፤ በዓይኔ ገሠጽኳት። «እንግዲያው ከመስቀል በኋላ ና። ያኔም አጥፋ ካልከኝ አጠፋለሁ» አልኩት። ፎልደሩን እንደ ድሮው የኔጌቲቭ ፖስታ ስም ሳይሆን ቁጥር ሰጠነው።

በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ትንሽ አየ። «ማስቀመጫው ስንት ነው?» አለኝ።

አይከፈልበትም አልኩት። ኔጌቲቭም አይከፈልበትም ነበር።